አደራውን የመለሰ ምንጭ

ከዳንግላ እስከ ግሽ አባይ

አባይን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ገበሬው ይጠራዋል፤ ዘፋኙ ያነሣዋል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ስሙን ያውቀዋል። ታዲያ አባይ ከየት ይነሣል? ይህን ጥያቄ ለሰው ብናቀርብ ብዙው «ከጣና» ይለናል። መልሱ ስሕተት አይደለም። ትልቁ አባይ ከጣና ሐይቅ ይወጣል። ነገር ግን ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ግልገል አባይ ነው። የግልገል አባይ መነሻ ደግሞ በሰከላ ወረዳ፣ በግሽ ተራራ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ምንጭ ናት። ሕዝቡ ቦታውን ግሽ አባይ ይለዋል።

እኛ ሦስት የዳንግላ ሰዎች ይህችን ምንጭ በዓይናችን ለማየት ተመኝተን ኖረናል። «በዚህ ዓመት እንሄዳለን» እያልን ስንት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ቆርጠን ተነሣን።

መንገዱ

ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግስት፣ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። በመካከል አዲስ ቅዳም የምትባል ከተማ አለች። በዚህ በኩል የሚያልፍ ሰው ግራና ቀኙን ቢያይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቅጠሉ የረቀቀ ዛፍ ያያል። ገበሬው ዲከረንስ ይለዋል። ይተክለዋል፣ አራት አምስት ዓመት ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። መሬቱን ደግሞ መልሶ ያርሰዋል። ጭሱ ከየማሳው እየተነሣ ከጧቱ ጉም ጋር ይደባለቅ ነበር።

እንጅባራ ደረስን። እንጅባራ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት። ብርዷ አያድርስ ነው! ጋቢያችንን ደርበን እንኳ ጥርሳችን ይንገጫገጭ ነበር። በመንገዱ ዳር ከቀርከሃ የተሠሩ ወንበሮችና መደርደሪያዎች ተደርድረው ይሸጣሉ። ቀርከሃው እዚያው ደጋው ላይ የሚበቅል ነው።

የአዊ ሕዝብ አገው ነው። ቋንቋው አውንጊ ይባላል። ሰባት ወንድማማቾች የወለዱት ነው እየተባለ ስለሚተረክ «ሰባት ቤት አገው» ይባላል። እነዚህም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ሕዝቡ በፈረስ ይታወቃል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው በዓል ፈረሰኞቹ ፈረሳቸውን ሸልመው እንጅባራ ላይ ሲወጡ ማየት ትልቅ ደስታ ነው።

አራተኛ ጓደኛችንን ያገኘነው እዚሁ እንጅባራ መናኸሪያ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። በአንድ እጃቸው ቢጫ ጀሪካን፣ በሌላው ዱላ ይዘዋል።

«እማማ፣ ወዴት ነዎት?» አልናቸው።

«ወደ ግሽ ነኝ ልጆቼ። ነገ አይደል የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል! ልጄ ታማብኛለች። መምጣት አልቻለችም። ጠበሉን ልወስድላት ነው» አሉን።

እንግዲያው መንገዳችን አንድ ነው ብለን አብረን ተሳፈርን። ከእንጅባራ ወጣ እንዳልን የዘንገና ሐይቅ አለ። ዙሪያውን በደን ተከቦ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የከፈተው ጉድጓድ ነው በኋላ ውኃ የሞላው። ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። እማማ በመስኮት እያዩት አማተቡ። ሲመሽ ቲሊሊ ደርሰን አደርን።

ቁርሳችን ያመጣብን ጣጣ

በማግስቱ ጥር 13 ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛ ሦስታችን አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ሻይ በዳቦ በላን። እማማ በዚያን ጊዜ መኪና ፍለጋ ሄደው ስለነበር አላዩንም። አይሱዙ የጭነት መኪና አገኙልንና ከሰዉ ጋር ተሳፈርን። መንገዱ ኮረኮንች ነው። አቧራው ደግሞ ሌላ ነው። ስንደርስ ፀጉራችን ሸብቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ግሽ አባይ ከተማ በሰው ተሞልታለች። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ተዳፋቱን ይወርዳል። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ምንጩ ያለበት ቦታ በአጥር ታጥሯል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ይጠይቃሉ።

«እህል የቀመሰ አለ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ወደ ምንጩ የሚገባ ሰው ምግብ መቅመስ የለበትም። እኛ ይህን አላወቅንም ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ሻይ እህል ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ሳቅ አሉና «ሻዩስ ይሁን፤ ዳቦውን ምን ልታደርጉት ነው?» አሉ። ከንፈራችን ላይ ፍርፋሪ ቀርቶ ኖሯል!

እማማ በሐዘኔታ አዩን። «ምነው ልጆቼ፣ ሳትጠይቁኝ?» አሉና ጫማቸውን አውልቀው፣ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ገቡ። እኛ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ከአጥሩ ውጭ ቀረን።

የኔታ የነገሩን

ከአጥሩ ውጭ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እንደ እኛ የቀሩ ሌሎችም ነበሩ። በመካከላቸው አንድ የድጓ መምህር ተቀምጠዋል። ሰዉ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። እኛም «የኔታ፣ ይህ ቦታ ግሽ የተባለው ለምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ ተረኩልን።

ከብዙ ዘመን በፊት በዚህ አካባቢ ዘርዐ ብሩክ የሚባሉ ጻድቅ ይኖሩ ነበር። ሰባት መጻሕፍት ነበሯቸው። ያን ጊዜ መጽሐፍ እንደ ዛሬው ከሱቅ አይገዛም። ብራናው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይፋቃል። ቀለሙ ይበጠበጣል። ጸሐፊው እያንዳንዷን ፊደል በመቃ ብዕር ይጽፋል። አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ሰባት መጽሐፍ ማለት እንግዲህ የዕድሜ ልክ ሀብት ነው።

አንድ ቀን የንጉሥ ወታደሮች ጻድቁን ሊይዟቸው መጡ። እሳቸው ለራሳቸው አልፈሩም። የፈሩት ለመጻሕፍቱ ነው። ለሰው ቢሰጧቸው ሰውየውም ይያዛል። ቢቀብሯቸው ምስጥ ይበላቸዋል። ስለዚህ ወደ ምንጩ ሄደው «አደራዬን ጠብቅልኝ» ብለው ሰባቱንም ለውኃው ሰጡት። ከዚያም ተይዘው ታሰሩ። በእስር አምስት ዓመት ቆዩ።

ከእስር ሲፈቱ በቀጥታ የመጡት ወደ ምንጩ ነው። ቆመው ጸለዩ። ቀጥለውም «አባይ ሆይ፣ መጻሕፍቴን ግሽ!» አሉት። ግሽ ማለት አውጣ፣ ትፋ፣ መልስ ማለት ነው። ውኃውም መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አወጣቸው። አንዲት ፊደል አልጠፋችም። አንዲት ቅጠል አልራሰችም። ጻድቁ ከአቧራ እንደ ተነሣ ዕቃ እያራገፉ ተቀበሏቸው። ቦታውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ግሽ አባይ ተባለ።

የኔታ ታሪኩን ሲጨርሱ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አባይ አፈሩን ይወስዳል፤ ግንዱን ይወስዳል፤ ሰውንም ይወስዳል። መልሶ የሰጠው መጽሐፍን ብቻ ነው» አሉን።

ከምንጩ ጋር የተያያዘ ሌላም እምነት አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት የሚወጡ አራት ወንዞች ተጠቅሰዋል። ሁለተኛው ግዮን ይባላል፤ የኢትዮጵያን ምድር የሚከብ ነው ይላል። ምእመናኑ ግዮን አባይ ነው ብለው ያምናሉ። ጠበሉን ከሩቅ አገር መጥተው የሚወስዱትም ስለዚህ ነው።

ከእኛ አንዱ መምህር ነው። እሱም የሌላ አገር ወንዝ ታሪክ አነሣ። በሕንድ አገር ጋንጋ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች እጅግ ያከብሩታል። አንደኛው መነሻው በሂማላያ ተራሮች ላይ ካለ የበረዶ ዋሻ ነው። ዋሻውን ጎሙክ ይሉታል፤ «የላም አፍ» ማለት ነው። በእነሱ ታሪክ ጋንጋ ጥንት በሰማይ ነበረች። ባጊራታ የሚባል ንጉሥ ወደ ምድር እንድትወርድ ብዙ ዘመን ለመነ። ውኃው ሲወርድ ምድርን እንዳይሰብር ሺቫ የተባለው አምላካቸው በፀጉሩ ተቀበለው። ዛሬም ከዋሻው የሚወጣው ወንዝ ባጊራቲ ተብሎ በንጉሡ ስም ይጠራል። ተሳላሚው ተራራውን ወጥቶ ውኃውን በዕቃ ይዞ ይመለሳል።

የኔታ በጥሞና ሰሙት። «እነሱም በዕቃ ይወስዳሉ በለኛ!» አሉ።

ከዚያ በፊትስ?

በዚህን ጊዜ እማማ ጀሪካናቸውን ሞልተው ወጡ። አጠገባችን ተቀመጡ። እኛም ስለ ምንጩ በመጽሐፍ ያነበብነውን መናገር ጀመርን።

ምንጩን አይተው ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። የስፔን ተወላጅ ቄስ ነበር። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም.፣ ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1618፣ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ አየው። ከእሱ 152 ዓመት በኋላ ደግሞ ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው መጣ። ይህም በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ነው። ብሩስ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ተመልካች እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። እውነቱ ግን እንደዚያ አልነበረም።

ብሩስ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ በደስታ ወደ ምንጩ ሊሮጥ ፈለገ። የአገሩ ሰዎች ግን «ጫማህን ሳታወልቅ አይሆንም» አሉት። አገዎች ነበሩ። እሱም ጫማውን ወርውሮ በባዶ እግሩ ሮጠ። ውኃውን ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ጽዋ ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጊዮርጊስ ጤና ጠጣ።

ብሩስ ያየውንና የሰማውን ጽፏል። የምንጩ ጠባቂ ክፍለ አባይ ይባል ነበር። የአባይ አገልጋይ ማለት ነው ይላል። ነጭ ጢም ያለው አዛውንት ነበር። የአገው ጎሣዎች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ያልወለደች ጥቁር ጊደር ለምንጩ ይሠዉ ነበር። ከምንጩ በስተደቡብ ባለው ገደል ላይም ትልቅ ዋሻ እንዳለ ጽፏል። ዋሻው ውስጡ መንገድ የበዛበት በመሆኑ እንግዳ ከገባ ለመውጣት ይቸገራል። የመንደሩ ሰው ግን ከነከብቱ የሚያስጠልለው ሰፊ ቦታ ነው።

እማማ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«የምታወሩት ስለ እኛ ሰዎች ነው? ስለ አገው?»

«አዎን እማማ።»

«በመጽሐፍ አለ?»

«አለ።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «አያቴ ወደዚህ ስትመጣ ከሩቅ ነበር ጫማዋን የምታወልቀው። ሣሩን በጫማ አትረግጥም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ‹ድሮም እንዲህ ነው› ትለኝ ነበር። ሌላ አታውቅም» አሉ። ዞር ብለውም የኔታን «አባቴ፣ አያቴ ኃጢአት ሠርታ ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

የኔታ ቶሎ አልመለሱም። በጣታቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ለጊደሩ እኔ አልመሰክርም። ጫማ ማውለቁ ግን የሙሴም ሥርዓት ነው። ያንቺ አያት ያወለቀችውን እኛም ዛሬ እናወልቃለን» አሉ። እማማ እፎይ ሲሉ ሰማናቸው።

በባዶ ሆድ

የዚያን ቀን ሌሊት እዚያው ከተማዋ ውስጥ አደርን። እማማም ከእኛ ጋር ቆዩ። በማግስቱ ማንም ቁርስ አላነሣም። ሽማግሌው በሩ ላይ ሲያዩን ፈገግ ብለው «ዛሬስ?» አሉ። «ዛሬ ንጹሕ ነን አባ» ብለን ጫማችንን አወለቅን። ሣሩ በጤዛ ረጥቧል። እግራችን በረደ።

ውድ አንባቢ፣ ምንጩን ስታየው ምን ትጠብቃለህ? እኛ የሚያስገመግም ነገር ጠብቀን ነበር። ያየነው ረግረጋማ መስክ መካከል ያለች አንዲት ትንሽ ምንጭ ናት። ድምፅ የላትም። አንድ ሕፃን ልጅ ሊሻገራት ይችላል። ይህች ናት ወደ ሰሜን ፈስሳ ጣና የምትገባው? ከጣና ወጥቶ ጭስ ዓባይ ላይ የሚወረወረው፣ ጎጃምን የሚዞረው፣ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር የሚገናኘው፣ ግብፅን የሚያጠጣው አባይ መነሻው ይህ ነው? መልሱ አዎን ነው። እርግጥ በመንገዱ ብዙ ገባሮች ያግዙታል። እነ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳና ዳቡስ ውኃቸውን ይሰጡታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ያረፈው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው።

ብሩስ ከደስታው በኋላ ወዲያው ሐዘን እንደ ያዘው ጽፏል። ይህን ሁሉ መከራ ያየሁት ለዚህች ውኃ ነው ወይ ብሎ ይሆናል። እኛ ግን አላዘንንም። ትልቅ ነገር ከትንሽ እንደሚጀምር አይተን ተደሰትን።

ከአጥሩ ውጭ

ስንወጣ ሌላ ነገር አስተዋልን። በአጥሩ ውስጥ ሣሩ ለምለም ነው፤ ዛፉ ቆሟል። ማንም አይቆርጠውም። ከአጥሩ ውጭ ግን ተዳፋቱ ታርሷል። ገበሬው መሬት አንሶት ገደሉ አፋፍ ድረስ ወጥቷል። በክረምት ዝናብ ሲወርድ አፈሩ ይታጠብና ወደ ወንዙ ይገባል። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ከግንዱ ይልቅ የሚያሳዝነው አፈሩ ነው። አፈር ከሄደ አይመለስም።

የቦታው ክብር ዛፉን ጠብቆታል። ቅዱስ ነው የተባለው አልተቆረጠም። አፈሩንስ ማን ይጠብቀው? በየተዳፋቱ እርከን ቢሠራ፣ ዳር ዳሩ ዛፍ ቢተከል አፈሩ ይያዛል፤ ውኃውም ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ምንጩም ይበረታል። ያ ካልሆነ ግን የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት እውነት ይሆናል።

እማማ ያነበቡት

ወደ ቲሊሊ የሚመለስ መኪና ስንጠብቅ እማማ ከነጠላቸው ጫፍ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት በአውንጊ ይማራል። አውንጊም የሚጻፈው በዚሁ በእኛ ፊደል ነው። ማታ ማታ ልጁ ያስጠናቸዋል።

«ያን በመጽሐፍ አለ ያላችሁትን ጻፉልኝ። አጭር ይሁን፤ ትልልቅ አድርጋችሁ ጻፉ» አሉን።

እኛም እንዲህ ብለን ጻፍንላቸው። «በ1763 ዓ.ም. የአገው ሰዎች ይህን ምንጭ ያከብሩ ነበር። እንግዳውን ጫማህን አውልቅ አሉት።»

እማማ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አስቀመጡ። «ያ... ከ... ብ... ሩ» አሉ። ቆም አሉ። «ያከብሩ ነበር!» ሁለተኛውንም መስመር እንደዚሁ አነበቡ። «ጫማህን» ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አያቴ ይህን ብትሰማ!» አሉ።

ከዚያ ደብተሩን አጠፉት። ከጀሪካኑ አጠገብ ሊያስቀምጡት አሉና ተዉት። ፌስታል ፈልገው ጠቀለሉት፤ ደጋግመው ቋጠሩት።

«እማማ፣ ይህን ያህል ምን ያስፈራዎታል?» አልናቸው።

«እኔ አቡነ ዘርዐ ብሩክን መሰልኳችሁ? ውኃ ከነካው ማን ይመልስልኛል!» አሉና ደብተሩን ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። መኪናው መጣ። ጀሪካኑን እኛ ተሸከምንላቸው።

የቃላት ፍቺ

አደራ፦ እንዲጠበቅ ለሰው የተሰጠ ዕቃ ወይም ቃል።
ብራና፦ ለመጻፊያ የተዘጋጀ ቆዳ።
ጊደር፦ ገና ያልወለደች ላም።
ገባር፦ ወደ ትልቅ ወንዝ የሚገባ ትንሽ ወንዝ።
እርከን፦ አፈር እንዳይታጠብ በተዳፋት ላይ የሚሠራ ደረጃ።

እንወያይባቸው

1. አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍቱን ለሰው ያልሰጡት ለምን ነበር?
2. በ1763 ዓ.ም. የነበረው የትኛው ልማድ እስከ ዛሬ ቆየ?
3. በአጥሩ ውስጥና ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት ለምን ተለያየ?
4. በአካባቢያችሁ እንዲህ የሚከበር ምንጭ፣ ዋሻ ወይም ዛፍ አለ? ታሪኩን የሚያውቅ ሽማግሌ ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉት።